በሊቁ ስም ያለ አይነካም

«የሊቁ ሒሳብ ነው ማሽኑን ያነቀው» አለ ሬዲዮ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ።

ቆንጥር ዘወር ብላ አላየችውም። በአንድ እጇ ሹራቧን፣ በሌላው የበሩን ቁልፍ ይዛ ወደ ላይኛው ፎቅ እየሮጠች ነበር። ሬዲዮ ግን መልስ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ሰሚ ካገኘ ይበቃዋል፤ ካጣም ለግድግዳው ያወራል። ጠዋት ቢሮ እንደተከፈተ ለዘበኛው ነግሮታል። ለጸሐፊዋ ነግሯታል። መስኮት ለሚወለውለው ሰውዬም ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ በእጁ ምልክት አስረድቶታል። ዘበኛው ዘንድ ሒሳቡ ማሽኑን «አዘግይቶት» ነበር፤ ጸሐፊዋ ዘንድ ሲደርስ «አነቀው»፤ ደረጃው መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሊያፈነዳው ነው» ሆነ።

«ሽማግሌው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌት ተቀን ሲያስደምሩት፣ ብረትስ ቢሆን አይታክተውም?»

«አንተ ሬዲዮ» አለች ቁልፉን እየከተተች፣ «ባትሪህ የሚያልቀው መቼ ነው?»

ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። ሥራው ማተሚያው የሚተፋውን ወረቀት እየቀደደ ለየባለቤቱ ማድረስ ነው፤ ወረቀቱ ሳይደርስ ወሬው ስለሚደርስ ሬዲዮ አለችው፣ ጸናበት። የእሷን ስም ማን እንዳወጣው ግን አይታወቅም፤ ሁሉም እኔ ነኝ ይላል። ቆንጥር የተባለችው የነካት ሁሉ ተቧጭሮ ስለሚመለስ ነው።

ኮምፒውተር ማለት ክፍል የነበረበት ዘመን ነው። ቁም ሣጥን የሚያህሉ ግራጫ ብረቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ወለሉ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ከሥሩ ኬብሉ እንደ ዛፍ ሥር ተጠላልፏል፤ ጥግ ላይ የቴፕ መንኮራኩሮች ይዞራሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይዞራሉ። ውጭ ፀሐይ አናት ሲበሳ ውስጥ ያለ ሰው ሹራብ ይደርባል። ብርዱ የታሰበው ለማሽኑ ነው፤ ለሰው ማን ይጨነቃል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ማሽኖቹ በስልክ መስመር እርስ በርስ መነጋገር ለምደዋል። የዚህ የጥናት ተቋም ማሽን ከሆስፒታሉ፣ የሆስፒታሉ ከዩኒቨርሲቲው፣ የዩኒቨርሲቲው ባሕር ማዶ ካሉት ጋር ይጠያየቃል። መረቡ ትንሽ፣ ሰዎቹም የሚተዋወቁ ስለነበሩ በር የሚቆልፍ አልነበረም። ያንኳኳ ሁሉ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ይገባል።

በሩ ሲከፈት አለቃ ከማሽኑ ጋር በሚነጋገሩበት ተርሚናል ፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው። አለቃ የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ውጭ የተማሩ፣ ክራባታቸውን ከሹራባቸው በላይ የሚያደርጉ፣ ሰው መቆጣት ሲያምራቸው እስክሪብቶ የሚያኝኩ ሰው። እስክሪብቶው ተሰነጣጥቋል።

«ነይ እስኪ እዪው» አሉ ወንበሩን እየለቀቁላት። «አንድ ፊደል ልጽፍ ሽበት ላወጣ ነው።»

ቆማ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ወትሮ ጣቷን ሳታነሳ ጥቁሩ መስታወት ላይ ብቅ የሚለው አረንጓዴ ፊደል ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚሳብ ባልዲ እየተንገላታ ወጣ። በማሽኑ ላይ አሁን ማን ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቀችው። መልሱ አንድ መስመር፣ ቆይቶ አንድ መስመር እያለ ይወርድ ጀመር።

ሊቁ። ሊቁ። ሊቁ። ከዚያ የአለቃ ስም። ከዚያ ደግሞ ሊቁ፣ ሊቁ፣ ሊቁ።

«አላልኩም?» አለ ሬዲዮ ከኋላ።

ሊቁ ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል። ዕድሜያቸውን ሁሉ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈውን ወንዝ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ «እኔን አንድ ቀን እንኳ እንደሱ ትኩር ብሎ አላየኝም» ይሉ ነበር አሉ። አሁን ያለ ደመወዝ፣ ያለ ወንበር፣ በአለቃ መልካም ፈቃድ ብቻ አንድ የመጨረሻ ሒሳብ ማሽኑ ላይ እያሠሩ ነው። ነገ ጠዋት ኮሚሽኑ ይቀመጣል። የጎርፍ መከላከያው ግንብ በየት በኩል ይለፍ የሚለውን ይወስናል። በአሮጌው ካርታ መሠረት ግንቡ ከታችኛው ሰፈር ኋላ ነው የሚያልፈው፤ ሰፈሩ ከነቤቱ ከነልጁ ከወንዙ ጋር በአንድ ወገን ይቀራል ማለት ነው። ሊቁ ካርታው ተሳስቷል፣ ውሃው ከዚያ ይዘልቃል ይላሉ። ኮሚሽኑ ግን ሽማግሌ ተናገረ ብሎ ግንብ አያዞርም፤ ቁጥር ያምጡ አላቸው። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አራዘመላቸው፣ ሦስተኛ የለም አለ። ሒሳቡ የሚያልቀው ዛሬ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሲያልቅ ማተሚያው ራሱ ይጮኻል፣ ወረቀቱን ይተፋል፣ ሬዲዮ ይዞ ይሮጣል። የታሰበው እንዲህ ነበር።

አሁን ያን ሒሳብ አቋርጦ ነገ እንደገና መጀመር አይቻልም። ቆንጥር ገና ሲጀመር፣ በየማታው የደረሰበትን ቴፕ ላይ እናስቀምጥልዎት ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ለአንድ ጡረተኛ ሒሳብ ቴፕ አይባክንም፣ ለሠራተኞቹ ይሁን አሉ። ክርክር አይወዱም፤ ከሰው እጅ ነገር መቀበልም ያፍራሉ።

ስለዚህ ክፍል አንድ ሌላ ነገር መታወቅ አለበት። ከዓመታት በፊት አንዱ ሠራተኛ ማሽኑ ተጨናንቆ ሲያስቸግረው በሊቁ ስም የሚሠራ አንድ ሥራ መሐል ላይ አቋርጦ ገደለ። የአንድ ወር ድካም ነበር። ሊቁ ሲነገራቸው ኮፍያቸውን አንስተው «ምንም አይደለም ልጆቼ» ብለው ወጡ። ቢሳደቡ ኖሮ ይረሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ አንድ ሕግ ጸና፦ በሊቁ ስም ያለ አይነካም። ማንም ጽፎ አልለጠፈውም፤ ከተለጠፉት ሁሉ ግን የሚከበረው እሱ ነበር።

ቆንጥር ደግሞ ለዚህ ሕግ የራሷ ምክንያት ነበራት። ዲፕሎማ የላትም። ወደዚህ ቤት የገባችው ካርድ ለመብሳት ነው፤ ያኔ ማሽኑ የሚያነበው ካርቶን ላይ የተበሳ ቀዳዳ ነበር። የተጣሉ ወረቀቶችን ወደ ቤት እየወሰደች፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መመሪያ ትራስ ሥር አስቀምጣ፣ ማሽኑን ራሷ ተማረችው። ማንም አላስተማራትም፤ ይህንንም ሳይጠይቋት ትናገራለች። የኦፕሬተር ቦታ ሲከፈት አለቃ «ጎበዝ ነሽ፣ ግን ወረቀት የለሽም» አሏት። ሊቁ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀና ሳይሉ «ወረቀትማ ሬዲዮም ይሸከማል» አሉ። በማግስቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። አለቃ አነሱት፣ ብዙ ሰሙ፣ ትንሽ ተናገሩ፣ መልሰው ሲያስቀምጡት ፊታቸው ተለውጦ ነበር። የደወለው የዩኒቨርሲቲው ሰው ነው። ከሌሊት ጀምሮ ባሕር ማዶ ያሉት ማሽኖች አንድ በአንድ እየታነቁ ነው፤ አሁን ወደዚህ ደርሷል። ስም ሰጥተውታል፦ ትል። በራሱ የሚሄድ ፕሮግራም ነው። በመስመሩ ይገባል፣ ራሱን ይወልዳል፣ ከተወለዱት አንዱ ወደ ጎረቤት ማሽን ይሄዳል። አንድም ነገር አይሰርቅም፣ አንድም ነገር አያጠፋም፤ ይባዛል ብቻ፣ ማሽኑ መተንፈሻ እስኪያጣ።

«ትል ብረት ይበላል እንዴ?» አለ ሬዲዮ።

«ያንተ ወሬ ብረት ካፈነዳ ትል ምን ይሳነዋል» አለችው።

ኋላ፣ ነገሩ በየጋዜጣው ከወጣ በኋላ እንደታወቀው፣ ትሉን የለቀቀው አንድ ተማሪ ነበር። ትሉ አዲስ ቤት ሲገባ «ወንድሜ እዚህ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አለ ከተባለ እንዲተው ታዟል። ተማሪው ግን የማሽኖቹ ባለቤቶች በሐሰት «አለ» እያሉ እንዳይመልሱበት ሰግቶ፣ አንዳንዴ መልሱን ሳትሰማ ዝም ብለህ ግባ ብሎታል። ያ «አንዳንዴ» ነው ማሽኖቹን ያነቀው። ጠይቆ መልስ የማይሰማ እንግዳ ገጥሟቸው አያውቅም።

አለቃ የሰሙትን ቀጠሉ። ትሉ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ የሰው የይለፍ ቃል ነው፤ ይገምታል። መጀመሪያ የሚሞክረው የባለቤቱን የራሱን ስም ነው።

ይህን ሲሉ ሦስቱም ተያዩ። የሊቁ የመግቢያ ስም ሊቁ ነው። የይለፍ ቃላቸውም ሊቁ ነው። አለቃ ያውቃሉ፣ ቆንጥር ታውቃለች፣ ሬዲዮም ያውቃል፤ ሬዲዮ ካወቀ ደግሞ ዘበኛውም ያውቃል። የማያውቁት፣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ የማያውቁት፣ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለሽማግሌ «በርዎ ክፍት ነው» ማለት «አርጅተዋል» ማለት መስሎ ስለታያቸው ሁሉም በይሉኝታ አለፉት። ቆንጥርም አለፈችው፤ ለአለቃ «ክራባትዎ ሾርባ ጠጥቷል» ብላ ፊት ለፊት የተናገረች ሴት፣ ለእሳቸው ሲሆን ምላሷ ታሰረ።

«እና ሒሳቡ አይደለም ያነቀው?» አለ ሬዲዮ። ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ብሏል።

«ትሉ በስማቸው ተሸፍኖ ነው የሚራባው» አለች ቆንጥር።

«እኔ እኮ… ጠዋት እኮ ሊቁ…»

ቆንጥር ዞራ አየችው። «ዛሬ ስለ ሊቁ አንድ ቃል ብትተነፍስ፣ የምትሸከመውን ወረቀት አስበላሃለሁ። ገባህ? ሰውየው ስማቸው በአንተ አፍ ስንት ጊዜ ይታኘክ?»

ሬዲዮ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ምንም አልተናገረም። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም ነበርና ጸሐፊዋ አሞት እንደሆነ ብላ ውሃ አመጣችለት።

የመድኃኒቱ ነገር ቀላል ነበር፦ ማሽኑን ማጥፋት፣ መስመሩን መንቀል፣ አጽድቶ ማስነሳት። አለቃ እጃቸው ወደ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ሲሄድ ቆንጥር መሐል ገባች።

«ሒሳቡስ?»

«እኮ ምን ላድርግ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

መስመሩን ብቻ እንንቀለው ማለት ፈለገች፤ አፏ ላይ ሳይደርስ መልሱን አወቀችው። ሒሳቡ የውሃውን ልኬት ከወንዝ ጣቢያው ማሽን በመስመሩ እየጠየቀ ነው የሚሠራው። የጣቢያው ማሽን ሌላ ዓይነት ስለሆነ ትሉ አልነካውም፤ መስመሩ ግን ለሁሉም አንድ ነው፣ ሞደም በምትባል ዳቦ በምታህል ሣጥን በኩል ያልፋል። እሱ ከተነቀለ ሒሳቡ ወንዙን ሲጠራ የሚመልስለት ያጣና ይሞታል።

ሣጥኗን አየቻት። ግንባሯ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ቦግ እልም፣ ቦግ እልም ትላለች።

«እዩዋት» አለች። «አሁንም ወንዙን እየጠየቀ ነው። አልሞተም።»

ከዚያ በኋላ የተባለው ረጅም ነው። አለቃ ኃላፊነት አለብኝ አሉ፤ ማሽኑ የእሳቸው እንጂ የሊቁ እንዳልሆነ፣ ትሉ ከዚህ ቤት እየወጣ ጎረቤት ሊገባ እንደሚችል ተናገሩ። እሷ ደግሞ የትሉን ልጆች አንድ በአንድ እየገደልኩ ማሽኑን እስከ ማታ በሕይወት አቆየዋለሁ አለች። ታችኛው ሰፈር ያሉትን ሰዎች አነሳች። ጥግ ላይ ባዶዋን የቆመችውን፣ ሊቁ ይቀመጡባት የነበረችውን ወንበር አነሳች። በመጨረሻ አለቃ እስክሪብቷቸውን ከአፋቸው አውጥተው ተመለከቱት።

«ዝም ማለት ይሻለኛል» አሉ። «ዝም አይነቅዝም።»

«ማሽኑማ ነቅዟል» አለችና ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

ስትገድል ዋለች። በአለቃ ስም ያለውን ገደለች፣ በራሷ ስም ያለውን ገደለች፣ ከዓመት በፊት ሥራ በለቀቀ ሰው ስም ተደብቆ ያገኘችውንም ገደለች። እያንዳንዷን ትእዛዝ ጽፋ እስክትፈጸም መጠበቅ ጸጉር ያስነጫል። ደግሞም ከንቱ ነበር፤ አንዱን ስታጠፋ በሊቁ ስም ካሉት አንዱ ሌላ ይወልዳል። ጎጆው እዚያ እንደሆነ ገባት። ከእነዚያ ሁሉ ሊቁዎች መሐል አንዱ እውነተኛው ነው፣ የቀሩት ትል ናቸው። ከማሽኑ ስለየትኛውም ዝርዝር ብትጠይቅ መልሱ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፤ ስሙን ብቻ ተፍቶ ይዘጋል። ሁሉም አንድ ስም፣ አንድ መልክ ናቸው። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ ቆየች። አንዷን ብትመታ፣ ያቺ ብትሆንስ?

አልነካችም። ትሉም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፣ የሚፈልግ ነገር ቢኖረው።

ባለቤቱ ራሳቸው ቢጠየቁ ይሻላል ብላ ሊቁ ቤት ደወለች። ስልኩ ተይዟል። ቆይታ ደወለች፤ ተይዟል። ሴት ልጃቸው ሩቅ አገር ናት፣ ስትደውል ረጅም ታወራለች፤ ዛሬም የልብ የልባቸውን እየተጫወቱ ይሆናል ብላ አሰበች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክርም ያው ነው። ልጅቷ ዛሬ ምን ገጠማት ብላ ትንሽ ተናደደች።

ከቀትር በኋላ ስልኩ ሲጮህ ሊቁ ናቸው ብላ ዘላ አነሳችው። እቴቴ ነበረች፣ ታላቅ እህቷ። እቴቴ ሆስፒታሉ ውስጥ የላቦራቶሪ ውጤት ማሽን ላይ የምታስገባ ሠራተኛ ናት፤ ቆንጥርን በልጅነቷ አዝላ ያሳደገች፣ ዛሬም ድረስ ሚጣ ብላ የምትጠራት እሷ ብቻ ነች።

እቴቴ ሳትጮህ ነው የተናገረችው፤ ስትጨነቅ ድምጿ ይቀጥናል። ማሽናቸው ታንቋል። አጥፍተው፣ አጽድተው አስነሱት፤ አፍታም ሳይቆይ ተመልሶ ታነቀ። የሚመጣው ከእናንተ በኩል ነው ብለዋል ባለሙያዎቹ። ውጤት የሚጠብቀው ሰው ሰልፍ ከኮሪደሩ አልፎ መንገድ ወጥቷል።

«ሚጣዬ፣ የእናንተን አጥፍታችሁታል?»

ቆንጥር ቀይዋን መብራት አየች። ቦግ እልም። ወንዙ እየተጠየቀ ነው፤ ጥቂት ሰዓት ብቻ ቀርቶታል፤ ከዚያ ሁሉንም ታጠፋለች፣ ሁሉንም ትክሳለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

«አዎ እቴቴ» አለች። «አጥፍተነዋል። ከሌላ ቦታ ይሆናል።»

«እንግዲያው ደግመን እናስነሳው» አለች እቴቴ፣ አምናት። የታናሿን ቃል ተጠራጥራ አታውቅም።

አለቃ ሰምተዋል። ወረቀታቸውን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉ እንጂ ቀና አላሉም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ያን ዕለትም ሰዓቱ እንዲሁ ወሰዳቸው፤ ትንሽ ይሻለዋል፣ ደግሞ ይብስበታል፣ አንድ ጊዜ ፊደሎቹ ፈጠን ብለው ወጥተው ቆንጥር ልትስቅ ምንም አልቀራት፣ ተመልሰው ጉድጓዱ ገቡ። ጀምበር ወደ መስኮቱ ጥግ ስታዘነብል ሁሉም ማተሚያው ዙሪያ ተሰበሰቡ። ማተሚያው መደርደሪያ የሚያህል፣ ሲሠራ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ነው። ሬዲዮ ያለቀውን ጥቅል ወረቀት ቀይሮ፣ ጫፉን አስተካክሎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቆመ። ለኮሚሽኑ የሚሮጥበትን ጫማ አጥብቆ አስሯል።

ጠበቁ። ጀምበር ከመስኮቱ ወርዳ ግድግዳው ላይ ቀላች።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና እቴቴ ገባች። ነጭ ጋዎኗን አላወለቀችም። የቀኝ እጇ ጣቶች እስከ አንጓቸው ድረስ ቀለም ነክሷቸዋል፤ ማሽኑ እምቢ ሲል የሰውን ሁሉ ውጤት በእጇ ስትጽፍ ነው የዋለችው። ከማንም ጋር ሰላምታ አልተለዋወጠችም። ማሽኑ ሲያጓራ ሰማች። ቀይዋን መብራት አየች፤ ከመብራቷ ወደ እህቷ አየች።

«አጥፍተነዋል ብለሽኝ ነበር።»

ቆንጥር ከወንበሯ ተነሣች። ስለ ሒሳቡ ልትነግራት ጀመረች፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ነገ ጠዋቱ ኮሚሽን። እቴቴ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ከዚያ፣ ልጅ አዝላ ከጠዋት የተሰለፈች አንዲት እናት ነገ ተመለሺ ተብላ መሄዷን፣ የት እንደምታድርም እሷ ራሷ እንዳልጠየቀቻት ብቻ ነገረቻት። ወቀሳ አልነበረውም። በሩን ቀስ ብላ ዘግታው ወጣች።

አለቃ ተነሡ። ማንንም ሳይጠይቁ የሞደሟን ገመድ ነቀሉ። መብራቷ ጠፋች። ዋናውን ሲጫኑት ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ የዋለው ክፍል ድንገት ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ጆሮ ያማል። ማሽኑን አጽድተው ብቻውን፣ ከማንም ሳይገናኝ ሲያስነሱት ፊደሎቹ እንደ ድሮው ከጣት ቀድመው ወጡ። በሊቁ ስም ምንም አልነበረም። ውጤት የሚቀመጥበት ቦታም ባዶ ነው።

«ነገ እንነጋገራለን» አሉ አለቃ። ደግነታቸው ነው የከበዳት።

ለሊቁ በስልክ አይነገርም፤ ቢነገርም ስልካቸው አሁንም ተይዟል። በእግሯ ሄደች። መንገዱ በወንዙ ዳር ነው የሚወስደው፤ ውሃው በዚያ ወቅት ጎድሎ፣ ድንጋዩ ወጥቶ፣ እንኳን ሰፈር ጫማ የሚያርስ አይመስልም። ታችኛው ሰፈር የተሰጣ ልብስ ከየገመዱ እየተለቀመ ነው። አንዲት ሴት ከመስኮት ሆና ሌላዋን በቀልድ ትሳደባለች። ቆንጥር የምትለውን እያሰናዳች አለፈች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው፤ ለምዳው አታውቅምና ቃሉ በአፏ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ሆነባት።

ሊቁ በሩን የከፈቱት ኮት ለብሰው፣ አንገታቸውን ቆልፈው ነው፤ ቤት ውስጥም እንግዳ እንደመጣባቸው ሰው ይለብሳሉ። በጠረጴዛው ላይ የቤት ተርሚናላቸው አለ፣ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ደርበውበታል። ከጎኑ፣ በዚያ ዘመን ከቤት ሆኖ ማሽን ለማነጋገር የስልክ እጀታ የሚተኛበት፣ ሁለት የጎማ ጽዋ ያለው መሣሪያ ተቀምጧል። እጀታው እንደተኛበት ነው። ሳይነሳ፣ መስመሩን ይዞ የዋለ ይመስላል።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ደክሞሻል» አሉ ወንበር እየሳቡላት። «ማሽኑ ተሻለው?»

ቆማ ተናገረች። ትሉን፣ አለቃን፣ ቀይዋን መብራት፣ እቴቴን፣ ለእቴቴ የዋሸችውን፣ ባዶ የቀረውን ማተሚያ፤ አንዱንም አላስቀረችም። በመጨረሻ፣ ሒሳብዎን አድናለሁ ብዬ ሰው ሁሉ አስቸገርኩ፣ እሱንም ሳላድነው ቀረሁ፣ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ አለች።

ሊቁ ግራ ተጋብተው ያዩዋት ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የትኛውን ሒሳብ?»

«የእርስዎን ነዋ ጋሼ። የወንዙን።»

«እሱንማ» አሉ፣ ያስቸገሩ መስሏቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ «እሱንማ ጠዋት ራሴ አጠፋሁት እኮ። እንደምን አደራችሁ ልል ብደውል ያ ወረቀት የሚያድለው ልጅ ነው ያነሳው፤ የእርስዎ ሒሳብ ማሽኑን አንቆት ሰው ሥራ ፈትቷል አለኝ። አፈርኩ። ጡረታ የወጣ ሰው እንግዳ ነው፤ ባለቤቱ ሳይሰለች መነሣት አለበት። አንቺ ገና ቢሮ ሳትገቢ፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ አጠፋሁት።»